የበረዶ አፋፍ ጨዋዎች

አንድ ጊዜ፣ ጅብና አንበሳ በስም እንኳ በማይታወቁበት፣ ከምድር ሁሉ በስተ ደቡብ በሚገኝ የበረዶ አገር፣ እጅግ ጨዋ የሆኑ ፔንግዊኖች ይኖሩ ነበር። ፔንግዊን ክንፍ እያለው የማይበር፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ የሚራመድ ወፍ ነው። በምድር ላይ ሲያዩት ያስቃል፤ ባሕር ሲገባ ግን ዓሣ ራሱ አይቀድመውም።

የእነዚህ ፔንግዊኖች ጨዋነት በተለይ የሚታየው በበረዶው አፋፍ ላይ ነበር። ዓሣ ለማጥመድ ተሰብስበው ይወርዱና አፋፉ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ቀድሞ የሚገባ የለም።

«ይቅደሙ!»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!»

«እኔ? እርስዎ እያሉ? አይደረግም!»

«በረዶ ስሆን ይቅደሙ!»

በዚያ አገር አፈር ስለሌለ «አፈር ስሆን» አይሉም። እንግዳ ቢያያቸው፣ «ምን ያሉ የተባረኩ ፍጥረቶች ናቸው!» ብሎ ባደነቀ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከአፋፉ ሥር፣ በጥቁሩ ውሃ ውስጥ፣ የባሕር ነብር ያደፍጣል። ይህ አውሬ ስሙ ነብር ይሁን እንጂ ሆዱም የጅብ፣ አእምሮውም የጅብ ነው። ቀድሞ የገባውን ይበላል፤ እሱን ሲበላ ሌሎቹ በጎን ያመልጣሉ። ያ ሁሉ «ይቅደሙ» እንግዲህ፣ «በእኔ ፈንታ እርስዎ ይበሉ» ማለት ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አፉን ሞልቶ የሚናገር ግን የለም። ጨዋ ናቸዋ!

በዚያ ሰሞን ብርቄ የምትባል ወጣት እናት የመጀመሪያ ጫጩቷን ፈልፍላ ነበር። ባሏ ታፈሰ በጠጠር ጎጆአቸው ላይ ተቀምጦ ጫጩቱን በሆዱ ሥር ሸፍኖ ይጠብቃል፤ እሷ ባሕር ወርዳ ዓሣ በሆዷ ሞልታ ትመጣና ታጎርሳለች። ሁለቱም ጎጆውን ትተው መሄድ አይችሉም፤ ስኩዋ አለቻ! ስኩዋ ቡናማ ላባና ቆልማማ ምንቃር ያላት ነጣቂ ወፍ ናት። የዚያ አገር ቀበሮ እሷ ናት። ጠባቂ ያጣ ጫጩት ካየች አትምርም።

አንድ ቀን ብርቄ ከጓደኞቿ ጋር ወደ አፋፉ ወረደች። «ይቅደሙ፣ ይቅደሙ» እንደ ልማዱ ተጀመረ። በመጨረሻ የሁሉም ዓይን አባ ሞገስ ላይ አረፈ። አባ ሞገስ ከሁሉም በዕድሜ የገፉ፣ መከበር የሚወዱ ፔንግዊን ነበሩ።

«አባታችን እያሉ ማን ይቀድማል?» አለ አንዱ።

«ነውር ነው እንጂ!» አለ ሌላው።

«በረዶ ስሆን አባቴ፣ ይቅደሙ» አለች ብርቄም።

አባ ሞገስ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «እንግዲህ ይህን ያህል ካከበራችሁኝ፣ እሺ» አሉና ዘለሉ። ውሃው ተናወጠ። ከዚያ ቀላ። ሌሎቹ ጊዜ ሳያጠፉ በሌላ በኩል ዘለው ገቡ። ጠግበው ሲመለሱም፣ «አቤት ጨዋነታቸው! እንደ እሳቸው ያለ አባት ከእንግዲህ አይገኝም» እያሉ አለቀሱ። ብርቄ ግን ማልቀስ አልቻለችም። አፍራ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ነገር ተበላሸ። መከበር የሚወድ ሽማግሌ አልቋል። ፔንግዊኖቹ በየቀኑ ይወርዳሉ፤ አፋፉ ላይ «ይቅደሙ» ሲባባሉ ይውላሉ፤ ባዶ ሆዳቸውን ይመለሳሉ። በየጎጆው ያሉት ጫጩቶች ጩኸታቸው እየቀጠነ ሄደ።

ስኩዋ ይህን አይታ ወደ ባሕር ነብር ወረደች።

«ጌታዬ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«ራበኝ» አለ የባሕር ነብር። ከዚህ ሌላ ወሬ አያውቅም።

«እንግዲያው ከአፋፉ ሥር ገብተው ድምፅዎን ያጥፉ። እኔ ‹ባሕሩ ሰላም ነው› ብዬ አወርድልዎታለሁ። እርስዎ ብርቄን ብቻ ይብሉልኝ።»

«አንቺስ ምን ትጠቀሚያለሽ?»

«ባሏ በረሃብ ሊወድቅ ደርሷል። እሷ ካልተመለሰች ጎጆውን ትቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ጉዳይ ነው።»

«አንዲት ብቻ?» አለ ቅር ብሎት።

«አንድ ብቻ ይያዙ ጌታዬ! ብዙ የፈለገ ያለውንም ያጣል።»

የባሕር ነብር እሺ አለ። ሆዱ ግን እሺ አላለም።

በጎጆው ታፈሰ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ጫጩቱ አፉን ይከፍታል፤ ድምፅ አይወጣውም።

«ብርቄ» አለ ታፈሰ፣ «ዛሬም ባዶሽን ከተመለስሽ ይህ ልጅ ነገን አያይም። እኔም ጉልበቴ አልቋል። ወይ እዚሁ እወድቃለሁ፣ ወይ ሆዴ ያሸንፈኝና ወደ ባሕር እሄዳለሁ። አልሄድም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም።»

«ከሄድክስ?»

ታፈሰ በምንቃሩ ወደ ጎን አመለከታት። ከጎጆው ጥቂት ራቅ ብላ ስኩዋ ተቀምጣ ላባዋን ታበጥር ነበር። ብርቄ የልጇን ራስ በምንቃሯ ነካ አደረገችና ወደ አፋፉ ወረደች።

ፔንግዊኖቹ ከመሰብሰባቸው ስኩዋ ከላያቸው እየዞረች ጮኸች።

«የምሥራች! የባሕር ነብር ወደ ማዶ ሄዷል! ባሕሩ ሰላም ነው!»

ማመኑን ማንም አላመናትም። ግን ሰበብ አገኙ። ዓይናቸው ሁሉ ወደ ብርቄ ዞረ።

«ብርቄ፣ አንቺ እኮ አራስ ነሽ» አለች አንዷ ድምፅዋን አለስልሳ። «ቅድሚያ ላንቺ ይገባል።»

«እውነት ነው፤ አራስ ሳትቀድም ሌላው አይገባም» አለ ሌላው።

«ቅደሚ እህታችን! በረዶ ስንሆን!»

እያከበሩ ገፋ አደረጓት። አሁንም እያከበሩ ገፋ አደረጓት። የብርቄ እግር የበረዶው ጫፍ ላይ ደረሰ። ከሥሯ ያለው ውሃ ጥቁር ነው፤ ምንም አይታይም። አንዲት አረፋ ከታች ወጥታ ፈነዳች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ዓሣ እንዲህ አይተነፍስም።

ብርቄ ፊቷን ወደ ወገኖቿ አዞረች።

«እታች አለ» አለች።

ሁሉም ዓይናቸውን ከውሃው ላይ አሸሹ።

«እንዳለ ታውቃላችሁ። እኔም አባ ሞገስን ‹ይቅደሙ› ስላቸው አውቅ ነበር። አክብሬያቸው አይደለም፤ ፈርቼ ነው። እናንተም ፈርታችሁ ነው።»

«ኤዲያ! ነውር! በአደባባይ እንዲህ ይባላል?» ብለው ተንጫጩ።

«ነውሩን ልጆቻችን ከጠገቡ በኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን ስሙኝ። ይህ አውሬ ያለው አንድ አፍ ነው። ተራ በተራ ከገባን ተራ በተራ ይበላናል። ሁላችን በአንድ ትንፋሽ ብንገባ የቱን ይዞ የቱን ይተዋል?»

«አንዳችንንማ ይይዛል» አለ ድንቡሼ የሚሉት ወፍራም ፔንግዊን ወደ ኋላ እያፈገፈገ። «እኔን ቢሆንስ?»

«አንተን ሊሆን ይችላል፤ እኔንም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ግን እያጨበጨብን የምንሸኘው የለም።»

አሁንም የተንቀሳቀሰ የለም። ብርቄ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ብታውቅ ኖሮ ትተርትላቸው ነበር፤ ነገር ግን በዚያ አገር ድርም የለ፣ አንበሳም የለ። ስለዚህ ያላትን ነገረቻቸው።

«የእኔ ልጅ ድምፅ አይወጣውም» አለች። «የእናንተስ?»

ፔንግዊኖቹ ጆሯቸውን ወደ ኮረብታው አቀኑ። ሌላ ጊዜ የጫጩት ጫጫታ ከሩቅ የሚሰማበት ኮረብታ ጸጥ ብሎ ነበር። አንዲት እናት ማልቀስ ጀመረች። ድንቡሼ እየተንገዳገደ መጣና ከብርቄ ጎን ቆመ። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ ሁሉም ክንፍ ለክንፍ ተያይዘው በአፋፉ ርዝመት ተሰለፉ።

ስኩዋ ደነገጠች።

«ኧረ ተዉ! ወግ አታፍርሱ! ግር ብሎ መግባት የባለጌ ሥራ ነው!»

«እንግዲያው ባለጌ እንሁን!» አለ ድንቡሼ።

«አሁን!» አለች ብርቄ።

የባሕር ነብር አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ከላዩ ፔንግዊን እንደ ተዘረገፈ እህል ወረደበት። ብርቄን ሊይዝ ተወረወረ፤ ጥርሱ የጅራቷን ጫፍ ነካ። በዚያው ቅጽበት ድንቡሼን አየ። «ይህስ ይበልጣል!» ብሎ ዞረ። ዞሮ ሳይጨርስ ሁለት ጎን ለጎን ሲዋኙ አየ። «ሁለቱን በአንዴ!» ብሎ ወደዚያ ተገለበጠ። ወዲህ ሲል፣ ወዲያ ሲል፣ በመጨረሻ አፉን ሲገጥም የገጠመው ውሃ ላይ ነበር። ፔንግዊኖቹ ርቀዋል።

ስኩዋ በንዴት ወርዳ አፍንጫው ሥር አረፈች።

«አንተ ጅል!» አለችው፤ «እርስዎ» ማለቱንም ረስታ። «አንድ ብቻ ያዝ አላልኩህም?»

የባሕር ነብር ጥቂት አሰበ። ማሰብ ያደክመዋል።

«ልክ ነሽ» አለ፤ «አንድ ብቻ።»

ከስኩዋ የተረፈው ውሃው ላይ የተንሳፈፈ ቡናማ ላባ ነው።

ብርቄ ሆዷን ሞልታ ኮረብታውን ወጣች። ጎጆው ጋ ደርሳ ልጇን ጠራችው። መልስ የለም። እንደገና ጠራችው። ታፈሰ ቀስ ብሎ ከጫጩቱ ላይ ተነሣ። ጫጩቱ አንገቱ ወድቋል። ብርቄ አፉን በምንቃሯ ከፍታ አጎረሰችው፤ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቆመ። ከዚያ የጫጩቱ ጉሮሮ እንቅስቅስ አለ፤ ዋጠ፤ ቆይቶም በቀጭን ድምፅ «ጭው» አለ። ብርቄ ያን ጊዜ አለቀሰች።

ታፈሰ ግን ገና አልተደሰተም። በዚያ አገር ከባሕር የተመለሰ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ «ማን ሞተ?» ማለት ነውር ስለሆነ በሌላ ቃል ነው የሚጠየቀው። ታፈሰም መሬት መሬት እያየ ጠየቃት።

«ማን ቀደመ?»

«ሁላችንም» አለች ብርቄ።

ታፈሰ ነገሩ ስላልገባው ቀና ብሎ ወደ ቁልቁለቱ ተመለከተ። ድንቡሼ እያለከለከ ሲወጣ አየ፤ ከኋላው ሌሎቹን አየ። አንድም አልጎደለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ራሳችን የፈራነውን አደጋ ሌላው እንዲጋፈጥልን «ይቅደሙ» ማለት ፍርሃት እንጂ ጨዋነት እንዳልሆነ፣ እውነተኛ አክብሮትም አብሮ መዝለል መሆኑን ነው።