በዛጎ በር የተፈታው ግዝት

በዛጎ መንደር ሰው ሲሸኝ «ደህና ግባ» ብቻ አይበቃም። ተጓዡ ዛጎ በር ከሚባለው ቁልቁለት አፋፍ ሲደርስ፣ ከሚቀሩት አንዱ «ፈትቼሃለሁ» ካላለው እግሩን አያነሳም፤ የቸኮለ እንኳ ቢሆን እየተቁነጠነጠ ይጠብቃል። እንግዳ ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ፣ አገሩ አይደለም።

እንደሚነገረው፣ የዚህ ልማድ መነሻ እኅት ለተብርሃን የምትባል የካቶሊክ መነኩሲት ናት። ማኅበሯ አስታማሚ ያጣ በሽተኛ ወዳለበት ሁሉ የሚሄድ ነበርና፣ በድህነት፣ በንጽሕናና በመታዘዝ ለመኖር ምላ፣ ክረምቱ ሲወጣ ንዳድ መንደሩን ባጋደመበት ሰሞን ወደ ዛጎ መጣች ይባላል። በሽተኛው ገና ግማሹ ሳይነሳ ግን፣ አለቃዋ ዘንድ ሄዶ የለመነ አንድ የቆላ ሰው «እዚያ ብሷልና ውረጂ» የሚል ትእዛዝ ይዞ፣ በቅሎ እየሳበ ደረሰ።

ለተብርሃን ጓዟን ሸክፋ በሩ ላይ ስትደርስ፣ ልጇ ሸጊቱ በትኩሳት የምትቃጠልባት ወይዘሮ ድንቄ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«እማሆይ፣ ይህን ቁልቁለት ቢወርዱ በማርያም ገዝቼዎታለሁ!»

ግዝት በአገሩ የጨዋታ ነገር አይደለም፤ ከገዘተው አፍ በቀር የሚፈታው የለም። ሽማግሌዎች ድንቄን መክረው መክረው ደከሙ። መነኩሲቷ ብትሄድ ግዝቱን፣ ብትቀር መሐላዋን ልታፈርስ ሆነና፣ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ በቅሎዋን ትዞራለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች።

«ድህነቱስ ቀላል ነበር፣ ከአባቴ ቤትም አውቀዋለሁ» አለች አሉ፤ «መታዘዙ ነው ጉዴን ያፈላው።»

የቆላው ሰው አልተቆጣም፣ አልለመነም፤ ቶሎ ቶሎ ፀሐይዋን ያያል እንጂ። ይህ ድንቄን አላስቀምጥ አላት።

«ምነው፣ ከቤትህ የታመመ አለ እንዴ?»

«ሴት ልጅ አለችኝ። ወንድሟን ቀብሬ ነው የመጣሁ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ጥርሷን እየነቀለች ነው።»

ሸጊቱም ጥርሷን እየነቀለች ነበር። ድንቄ ከመንገዱ ፈቀቅ አለች።

«ፈትቼዎታለሁ፣ እማሆይ። ልቤ ሳይመለስ ይሂዱልኝ።»

ለተብርሃን የድንቄን ጉልበት ስማ ወረደች።

ሸጊቱ ዳነች የሚሉ አሉ። ከድንቄ ዘር ነን የሚሉት ግን ይህን ሲጠየቁ ወሬ ይለውጣሉ።

ዛሬ በዛጎ በር አውቶቡስ ይቆማል። ሾፌሩ ጥሩንባውን ያስጮሃል፣ ረዳቱ ይነጫነጫል፤ ልጇን የምትሸኝ እናት ግን እጁን እንደያዘች «ፈትቼሃለሁ» ልትል አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች።