እንቁላሎቿን ላባዋን ያለበሰች ዳክዬ

የሚፈራ ካለ ጠጋ ይበልልኝ፤ እኔም ይህን ተረት ብቻዬን ማውራት አልወድም።

አንዲት ዳክዬ ነበረች። በጋውን ከድንበር ማዶ ባለ ሐይቅ ታሳልፋለች፤ ክረምት ሲገባ ወደኛ ጨፌ መጥታ እንቁላል ትጥላለች። ዘንድሮ አምስት ጣለች። የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ጎጆዋን የሚሸፍን ጥቂት ቄጠማ ሳይታጨድ እንዲቀርላት። ግን እንቁጣጣሽ ደርሷል፣ ቄጠማ ገበያ ላይ ይፈለጋል። ከጨፌው ዳር ማጭድ ከረጭ ከረጭ አለ። ዳክዬዋ ደነገጠች። የደረቷን ላባ ነቅላ እንቁላሎቿን አለበሰችና ወደ ማጭዱ ሄደች።

እባክህ ተወኝ፣ እንቁላሎቼ ያልቃሉ አለችው። ማጭዱ ቀና ብሎም አላያት። ደስቱ ካላሳረፈችኝ አላርፍም አለ። ከረጭ። ወደ ጎጆዋ አሥር እርምጃ ተራመደ።

ደስቱ ቄጠማ አጭዳ ለበዓል ዘይትና ዱቄት የምትገዛ፣ ወገቧን የሚያማት ሴት ናት። ዳክዬዋም ማጭዱ አያርፍም፣ እንቁላሎቼ ያልቃሉ አለቻት። ደስቱ ክፉ ሰው አይደለችም። እስከ አምና ጨፌውን እንድትጠብቅ ይከፈላት ነበርና ማጭዷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዘንድሮ ግን ቤቷ ባዶ ነው። የጨፌ ጥበቃ ማኅበሩ ሊቀመንበር ካልከፈሉኝ ማጭዴን አልሰቅልም አለች። ከረጭ ከረጭ።

ሊቀመንበሩ አቶ ድሪባ ለማኅተማቸው እንደ ልጅ የሚሳሱ ሰው ናቸው። ዳክዬዋም ደስቱ ማጭዷን አትሰቅልም፣ ማጭዱ አያርፍም፣ እንቁላሎቼ ያልቃሉ አለቻቸው። ሣጥናቸውን ከፍተው አሳዩዋት፤ ማኅተሙና አንድ ሸረሪት ብቻ። የጥበቃው ገንዘብ የሚመጣው ከማዶ ነው፤ ጀልበኛው ኤኪሩ ካልላከልኝ አልከፍልም አሉ።

ዳክዬዋ ወደ ጨፌው ዞር ብላ አየች። ማጭዱ ድንጋይ ቢወረወር ጎጆዋ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ብትሄድ እንቁላሎቹ ይበርዳሉ፤ ብትቀር ይታጨዳሉ። እንዲህ ፈርታ አታውቅም። የቀራትን የደረት ላባ ሁሉ ነቅላ ደራረበችላቸውና ድንበሩን ተሻገረች። ኬላው ላይ ማንም ወረቀት አልጠየቃትም፤ ያን ቀን የቀናት እሱ ብቻ ነበር።

ኤኪሩ ሐይቁ ዳር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ዳክዬዋ ትንፋሽ አጥሯት፣ አቶ ድሪባ አይከፍሉም፣ ደስቱ ማጭዷን አትሰቅልም፣ ማጭዱ አያርፍም፣ እንቁላሎቼ ያልቃሉ አለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ዳክዬ ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ይከፍለኝ ነበር፣ እኔም ከዚያ ላይ እልክ ነበር አለ። አምና የመጣው ዳክዬ ጥቂት ነው፤ እንግዳውም ቀረ። ዳክዬ ካልመጣ እንግዳ አይመጣም፣ እንግዳ ካልመጣ አልልክም አለ።

«እንቁላሎቼ ካለቁ ዳክዬው ከየት ይመጣል?» አለችው።

የኤኪሩ ዓይን ደረቷ ላይ ዐረፈ። ራቁቱን ነው፣ አንዲት ላባ የለበትም። ዳክዬ ደረቷን እንዲህ የምትነቅለው ለእንቁላሎቿ እንደሆነ አባቱ አሳይተውታል።

«ታቅፈሽ ሳለ ጥለሻቸው መጣሽ?»

«አዎ። አሁን እየበረዱ ነው።»

ኤኪሩ ፈራ፤ ፍርሃቷ ተጋባበት። እንግዳ አልጠበቀም። ጀልባውን ሊያድስበት ያስቀመጠውን ገንዘብ በስልኩ ላከ። ኤኪሩ ላከ፣ አቶ ድሪባ ከፈሉ፣ ደስቱ ማጭዷን ሰቀለች፣ ማጭዱ ዐረፈ።

ዳክዬዋ ስትመለስ ጨፌው ተላጭቶ አገኘችው። መሐል ላይ ግን ጎጆዋን የምታክል ቄጠማ ቆማለች፤ ደስቱም ነጠላዋን እንቁላሎቹ ላይ ጣል አድርጋ በብርዱ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

አራቱ ተፈለፈሉ። አንደኛው በርዶ ቀረ። ዳክዬዋ ጫጩቶቿን ከጎኗ አድርጋ እሱንም እስከ መስቀል ታቀፈችው።

ተረቴ እዚህ ጎጆዋ ገባች፤ እናንተም በጨፌ ስታልፉ እግራችሁን አስተውላችሁ አሳርፉ።