በር ላይ የሚግደረደሩት ጉንዳኖች

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ሥራ ያለው ይሂድ። እንስሳም ዕቃም አፍ በነበረው ዘመን፣ ከአንድ አውድማ ጥግ የጉንዳኖች መንደር ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሰባት ቀን ቀርቶታል። አውድማው ላይ የተበተነው ስንዴ ግን ገና ውጭ ነው፤ በቀን የሚገባው መቶ ፍሬ ብቻ ነው። ወደ ጉድጓዱ ካልገባ ጎርፍ ይወስደዋል፤ ከወሰደው ልጆቹ በረሃብ ያልቃሉ። አለቃው ሸንጎ ጠራ።

«ማነው የሚያፋጥነን?»

ሸጋው የሚባል ጉንዳን ተነሣ። «ጌታዬ፣ የፍሬውን ገለባ እንላጥ፤ ሸክሙ ይቀላል።»

ላጡ። ሸክሙ ቀለለ። ለሸጋው የቅጠል ካባ ተደረበለት። በዚያ ቀን የገባው ግን ያው መቶ ፍሬ ነው።

በማግስቱ ሸጋው፣ «እግራችንን የኑግ ዘይት እንቀባ» አለ።

ቀቡ። ሮጡ። ሁለተኛ ካባ ተደረበለት። የገባው ያው መቶ ፍሬ ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ «ከመንገዱ ጠጠር እንልቀም» አለ።

ለቀሙ። ሦስተኛ ካባ ተደረበለት። የገባው ያው መቶ ፍሬ ነው።

በአራተኛው ቀን ታንጉት የምትባል ጉንዳን ምንም ሳትሸከም በሩ አጠገብ ተቀመጠች። «አንተ ደፍ፣ ማነው የሚያዘገየን?» ብላ የበሩን ደፍ ጠየቀችው።

ደፉ ሳቀ። «ጀርባዬ ላይ ቆመው የሚውሉትን አታዪም?»

አየች። ሁለት ጉንዳኖች ስንዴ እንደ ተሸከሙ በሩ ላይ ተገናኙ።

«ይግቡ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በሞቴ!»

«እርስዎ ቆመውማ አይሆንም!»

«አፈር ስሆን ይግቡ!»

ከኋላቸው አርባ ቆመዋል። እግሩን የተቀባው ቶሎ ይደርሳል፤ ቶሎ ደርሶም ይቆማል።

ታንጉት ሸንጎ ገባች። «ጌታዬ፣ መንገድ የሚወስደው ከቀኑ አንድ እጅ ነው። ዘጠኙን እጅ በር ላይ ስንግደረደር እንጨርሰዋለን። የተሸከመ ዝም ብሎ ይግባ።»

«ሰማችሁ?» አለ ሸጋው። «ታላቃችሁን ረግጣችሁ ግቡ ነው የምትለን! ደግሞ ዛሬ አንዲት ፍሬ እንኳ አላነሣችም።»

«ባለጌ! ሥራ ፈት!» አለ አለቃው። ታንጉት ከመንደሩ ተባረረች።

በሰባተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ። ጉንዳኖቹ በር ላይ «ይቅደሙ» ሲባባሉ ጎርፉ ቀደማቸው። ስንዴው ሄደ። በዚያ ክረምት ከልጆቹ የተረፉት ጥቂቶች ናቸው።

በዓመቱ አለቃው አዋጅ አስነገረ። «የተሸከመ ሳይግደረደር ይግባ!»

በመጀመሪያው ቀን ሺህ ፍሬ ገባ። ገለባው ሲላጥና እግሩ ሲቀባ ደግሞ ሺህ ሦስት መቶ ሆነ። የሸጋው ብልሃት ገና ያን ጊዜ ጠቀመ። አራተኛ ካባ ተደረበለት፤ አዋጁም የእሱ ምክር ነው ተባለ።

ደፉ አለቃውን ጠየቀው። «ጌታዬ፣ ይህ የታንጉት ቃል አልነበረም?»

«ታንጉት?» አለ አለቃው። «ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ የዋለችው?»

ብሎ ገባ። ታንጉትን ማንም አልጠራትም።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው። የቀድሞ ሰዎችም እንዲህ ይላሉ፦ ለተግደርዳሪዎች እግር ቢቀቡ፣ ፈጥነው ይደርሳሉ እንጂ ፈጥነው አይገቡ።