ስበት ለሦስት ደቂቃ ይቋረጣል

አንድ ቀን፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ መምህር ቢያድግልኝ የሚባል የፊዚክስ አስተማሪ ስምንተኛ «ለ» ክፍል ገብቶ ስለ መሬት ስበት ያስተምር ነበር። ያስተምር ነበር እንበል እንጂ የሚማር እንኳ አልነበረም። ከምሳ በፊት ያለችው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ናት። ቆርቆሮው በፀሐይ ግሏል። ኋላ ያሉት ያንቀላፋሉ፣ መሃል ያሉት ያወራሉ፣ ፊት ያሉት ደግሞ ዓይናቸውን ሰሌዳው ላይ ተክለው ልባቸው ቤታቸው ምሳ ጋ ደርሷል። ቢያድግልኝ ሦስት ጊዜ «ገባችሁ?» አለ። ሦስት ጊዜ «አዎ!» አሉት። በአራተኛው «ምኑ ነው የገባችሁ?» ሲላቸው ሁሉም አቀረቀረ።

ቢያድግልኝ ቀልደኛ ሰው ነው። ክፋቱ ሲቀልድ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ጠመኔውን አስቀመጠ፣ እጁን አራገፈ፣ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና የሚያነብ መሰለ።

«ልረሳው ነበር፤ ማስታወቂያ አለ» አለ። «ዛሬ ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የመሬት ስበት ለጥገና ሲባል ለሦስት ደቂቃ ይቋረጣል።»

ማንም አልሳቀም። መብራት በየሳምንቱ በሚጠፋበት፣ ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ያደገ ልጅ፣ ይቋረጣል ሲባል ለምን ብሎ አይጠይቅም።

«ቲቸር፣ ከተማው በሙሉ ነው ወይስ እኛ ሰፈር ብቻ?» አለች አንዷ።

«ከፒያሳ በላይ ያለው ነው።»

«ሲመለስስ በኃይል ነው የሚመለሰው?» አለ ሌላው።

«እሱ ነው የሚያሰጋው! ዴስካችሁን አጥብቃችሁ ያዙ። ኮርኒስ ላይ እያለ የመጣበት ሰው ተጎዳ ማለት ነው።»

ለአምስት ሰዓት ተኩል አራት ደቂቃ ነበር የቀረው። የተኙት ነቁ። አንዷ ቦርሳዋን በሻሿ ከዴስኩ እግር ጋር አሰረች። አንዱ የጫማውን ክር አጠበቀ። ሁለት የተጣሉ ጓደኛሞች ሳይነጋገሩ አንድ ዴስክ አብረው አቀፉ። ሃምሳ ስድስት ተማሪ ትንፋሹን ውጦ ቁጭ አለ።

ቢያድግልኝ ሳቁን በጉንጩ ይዞ «ቀልድ ነው» ሊላቸው አፉን ሲከፍት፣ ሰአዳ የምትባል ጎበዝ ተማሪው ብድግ አለች።

«ቲቸር፣ ውጪ ያለ ሰውስ?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ በሩን በርግዳ ወጣች።

ሊጠራት ሁለት እርምጃ እንደተራመደ ርዕሰ መምህሩ አቶ መንክር በሩ ላይ ተገተሩ። ስምንተኛ «ለ» ሲንጫጫ ለምደውታል፤ ዝም ሲል ግን ሰምተው ስለማያውቁ አንድ ነገር ቢፈጠር ነው ብለው እየሮጡ ነበር የመጡት።

«ምንድን ነው ይሄ ጸጥታ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ይያዙ! ይያዙ! ስበት ሊጠፋ ነው!» ብሎ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

አቶ መንክር ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ በሁለት እጃቸው የበሩን መቃን ግጥም አድርገው ያዙ። ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው አንዱን ዓይናቸውን ሲገልጡ ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው። ሁለተኛውንም ገለጡ። በመጀመሪያ ከኋላ አንድ ሳቅ አፈተለከ፤ ከዚያ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ መንክር መቃኑን ለቀቁ፣ ክራቫታቸውን አስተካከሉና ሄዱ።

ቢያድግልኝ ግን አልሳቀም። በመስኮቱ ሰአዳን አያት። ግቢው መሃል፣ እዚያው አጸደ ሕፃናት የምትማረውን የአምስት ዓመት እህቷን ሒክማን በአንድ እጇ አቅፋ፣ በሌላው የባንዲራውን እንጨት ይዛ፣ ዓይኗን ወደ ሰማይ አንጋጣ ቆማለች። ሮጦ ወጣ።

«ሰአዳ፣ ቀልድ ነው። የማይሆን ቀልድ ነው የቀለድኩት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

ልጅቷ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ትንሽ አየችውና፣ «ቲቸር ደግሞ! እሷ እኮ ቀላል ስለሆነች ቀድማ ነው የምትሄደው» አለችው። ወዲያው የራሷ ነገር አሳቃት።

ቢያድግልኝ ሁለቱንም ይዟቸው ገባ። ሒክማን ወንበር ላይ አቆማትና፣ «ሰአዳ ትንሽ ሰው ቀድሞ ይሄዳል ትላለች። ትክክል ናት?» ብሎ ጠየቀ። ያን ቀን ስምንተኛ «ለ» ደወል ከተደወለ በኋላም አልወጣ አለ። ግማሹ ከሰአዳ ጋር ሆነ፣ ግማሹ ተቃወመ፤ ደብተርና እርሳስ ከመስኮት እኩል እየተጣሉ የትኛው ቀድሞ እንደሚወርድ ተሞከረ።

በማግሥቱ ጠዋት ግን የክስ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀው። እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዎችን በማሸበር፤ የትምህርት ክፍለ ጊዜን በማባከን፤ እንዲሁም የመሬትን ስበት ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር ዕውቅና ውጪ ለማቋረጥ በመሞከር።» ቢያድግልኝ ሦስተኛውን ደጋግሞ አነበበው። ሳቁ መጣበት፣ ግን አልወጣለትም። ክልላዊ ፈተናው አምስት ሳምንት ነው የቀረው፤ መጽሐፉ ገና አላለቀም፤ ፊዚክስ የሚያስተምረው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ መንክር ራሳቸው ናቸው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው የሥነ ዜጋው መምህር ጌታሁን ነው። ወላጆችን ወክለው የመጡት ወይዘሮ ዘምዘም ደግሞ የሰአዳና የሒክማ እናት ናቸው። የበሩን መቃን ነገር ማንም አላነሳም፤ ሁሉም ግን እሱን ነበር የሚያስበው።

«ይሄ ተራ ነገር አይደለም!» አሉ አቶ መንክር። «ዛሬ ስበት ያቋረጠ ነገ ምን እንደሚያቋርጥ አይታወቅም! ልጅ ደንግጣ ከክፍል ወጥታለች። የማን ልጅ? የወይዘሮ ዘምዘም ልጅ!»

ወይዘሮ ዘምዘም ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ልጄ ነግራኛለች። ደንግጣለች፣ እውነት ነው። ይቅርታ ጠይቀዋታል፣ እሱም እውነት ነው። እቤት ከገባች ጀምሮ ደግሞ ማንኪያውንም ሲኒውንም እየጣለች ስበት ስታስረዳን ነው የዋለችው፤ አንድ ሲኒዬ ተሰብሯል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አምና ልጆቻችንን በጎማ የገረፈ መምህር ‹በምክር ይታለፍ› ብላችሁ አልፋችሁታል። የገረፈው በምክር ካለፈ ያሳቀው ምን ቢያደርግ ነው ይሄ ሁሉ ስብሰባ?»

መምህር ጌታሁን ይሄንን ይጻፈው አይጻፈው ግራ ገብቶት እስክሪብቶውን አየር ላይ ያዘ።

አቶ መንክር ፊታቸው ቀላ። «የለም፣ የለም! ቀልድ ሌላ፣ ትምህርት ቤት ሌላ! ዛሬ ዝም ካልን ነገ መምህሩ ሁሉ ተነሥቶ ይቀልዳል። ስለዚህ ለአንድ ወር ከማስተማር ይታገድ። ለሌሎችም ጭምር አስተማሪ የሆነ ቅጣት መስጠት አለብን! ጻፍ፣ ጌታሁን፤ አስተማሪ ቅጣት!» ብለው ጠረጴዛውን በእጃቸው መቱ። ከዚያ ወደ ቢያድግልኝ ዞሩ። «የመጨረሻ ቃል ካለህ ተናገር።»

ቢያድግልኝ ቀስ ብሎ ተነሣ። ፊቱ ላይ እንደ ልማዱ ምንም አይነበብም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ መንክር» አለ። «ደብዳቤው ከደረሰኝ ጀምሮ ያስጨነቀኝ የራሴ ነገር አልነበረም። እኔ ከታገድኩ እነዚህን ልጆች ማን ያስተምርልኛል ብዬ ነበር። ለካ እርስዎ ቀድመው አስበውበታል! ቅጣቱ አስተማሪ ከሆነማ ምን እጨነቃለሁ? ብቻ ሰኞ አንደኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ስምንተኛ ‹ለ› ስላለበት፣ እንዳያረፍድ ይንገሩልኝ።»

ወይዘሮ ዘምዘም በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አቶ መንክር ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣቸው ግን ሳቅ ነበር፤ እየሳቁም መሃረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ። መምህር ጌታሁንም እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «የቀረበው ቅጣት የማስተማር ፈቃድ የሌለው ሆኖ ስለተገኘ፣ መምህር ቢያድግልኝ በሥራቸው እንዲቀጥሉ ተወስኗል።»