ስድስት ያለው ሰባት ተብሎ ይነበብ

አንድ ሊቅ ነበር፤ ስሙም መምህር ሐዋዝ። ሌሎች ሊቃውንት ሰማይንና ምድርን ሲመረምሩ እሱ ሃያ ሁለት ክረምት ሙሉ የመረመረው ደርምስ የምትባለውን ወንዝ ብቻ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ስንት ቀን ቢታገሡ መልካዋን በደህና መሻገር እንደሚቻል ለማወቅ እንጨት እየተከለ፣ ጥልቀቷን እየለካ፣ ጠባይዋን እየጻፈ ኖረ። በመጨረሻም አወቀ፤ ሰባት ቀን ነው።

ይህን እውቀቱን «ልሳነ ጥንቃቄ» ለሚባለው የአገሩ መጽሔት ሰጠ። በዚያ አገር በልሳነ ጥንቃቄ ያልወጣ ነገር እውነት ቢሆንም ገና እውነት አይባልም ነበር። የመጽሔቱ ሥርዓት ጥብቅ ነው። ጽሑፉን ሦስት ገምጋሚዎች አዩት። አንዱ ርእሱ ይርዘም አለ፤ ሁለተኛው ርእሱ ይጠር አለ፤ ሦስተኛው የእሱ ድርሳን ባለመጠቀሱ ማዘኑን ገለጸ። ከሦስቱ ወንዟን ያየ አልነበረም። በዚህ ግን አይወቀሱም፤ ወንዟ አልተላከችላቸውማ።

ከመታተሙ በፊት ናሙናው እንዲታረም ለራሱ ለመምህር ሐዋዝ ተላከለት። ሰው ስሙን በማተሚያ ፊደል መጀመሪያ ያየ ዕለት ዓይኑ ከዚያ አይነሳም። እሱም ስሙን አየ፤ አራቅ አድርጎ አየው፤ አቅርቦ አየው፤ ከዚያ «ተመልክቼዋለሁ፣ ይታተም» ብሎ ፈረመ። ቁጥሩ የተጻፈው በግዕዝ አኃዝ ነበር። ስድስቱ ፮ እና ሰባቱ ፯ ደግሞ መንታ ናቸው፤ ከወለደቻቸው በቀር በሩቁ የሚለያቸው የለም። የማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ ፯ን ፮ አድርጎ ለቅሞት ነበር።

በዓመቱ ይርዳው የሚባል ሰው ከቆላ መጥቶ የመምህሩን ደጅ መታ። የመጣው ለክስ ሳይሆን ለጥያቄ ነው። ወንድሙ የጨው ነጋዴ ነበር። ዝናቡ ካቆመበት ዕለት ጀምሮ በየቀኑ አንዳንድ ጠጠር ኪሱ እየጨመረ ስድስት ቀን ጠበቀ። ባልንጀሮቹ አንድ ቀን እንጨምር ሲሉት ከሊቅ ልትበልጡ ነው ወይ ብሎ ገባ። ደርምስም ከነበቅሎው ወሰደችው።

«ሬሳው ሲገኝ ጠጠሮቹ ኪሱ ውስጥ ነበሩ» አለ ይርዳው። «ቆጥሬያቸዋለሁ መምህር፤ ስድስት ናቸው። ወንድሜ ቆጠራ አይስትም። ምን አጥፍቶ ነው?»

መምህር ሐዋዝ መጽሔቱን ከመደርደሪያው አወረደ። የእጅ ጽሑፉንም አወረደ። ጎን ለጎን ዘርግቶ ቢያስተያያቸው በእጅ ጽሑፉ ፯፣ በመጽሔቱ ፮ ሆኖ አገኘው። ከዚያም ጥፋቱ የሟቹ ሳይሆን የራሱ እንደሆነ፣ ናሙናው እጁ ገብቶ ሳለ ስሙን ብቻ አይቶ እንዳሳለፈው ምንም ሳይደብቅ ነገረው። ይርዳው አልጮኸም፤ አልረገመውም። ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ።

«እንግዲያው ይህንኑ ይጻፉት» አለ። «ለእኔ አይደለም፤ ለእኔማ አልፏል። ነገ ለሚገባው ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ መምህር ሐዋዝ በዚህ ዓለም የሚናፍቀው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ አንዲት መስመር። ድሮ ታላቅ ሊቅ መባል ይናፍቀው ነበር። አሁን ግን ሰው የአገሩን ውሃ፣ የእናቱን ድምፅ እንደሚናፍቅ «ተሳስቷል» መባል ናፈቀው። ልሳነ ጥንቃቄ በወጣ ቁጥር ከኋላ ጀምሮ ይገልጠዋል። የመጽሔቱ የመጨረሻ ገጽ «እርማት» የሚል ርእስ አለውና። ከርእሱ በታች ያለው ነጭ ነው። ወደ አርባ ዓመት ግድም ነጭ ነው። አዘጋጁ አለቃ እንግዳሸት እንግዳ በመጣባቸው ቁጥር አስቀድመው የሚያሳዩት ይህንኑ ገጽ ነበር።

መምህር ሐዋዝ ሁለቱን ጽሑፎች ይዞ አለቃ ዘንድ ሄደ። አለቃም በጥሞና ሰሙት፤ ለሟቹም ከልብ አዘኑ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ አዘጋጅ ነበሩ።

«ግን መምህር፣ እርማት ብናወጣ እኮ መጽሔቱ ተሳስቷል ማለት ነው» አሉ።

«ተሳስቷል እኮ፣ አለቃ።»

«እርማት መቼ ወጣና? እርማት ሳይወጣ እንዴት ተሳሳተ ይባላል?»

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬም መልስ የተገኘለት አይመስልም። አለቃ ግን መምህሩን ባዶ እጁን አልሸኙትም። ሐሳቡን እንደ አዲስ ጥናት ጽፎ በሥርዓቱ ቢያቀርብ በደስታ እንደሚቀበሉት ነገሩት። እሱም አንድ ገጽ ጻፈ፤ ስድስት አይደለም፣ ሰባት ነው የሚል። ገምጋሚ ለዘመድ እንዳያደላ የጸሐፊው ስም ይሸፈናል። መልካም ሥርዓት ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ስሙ ተሸፈነና ገጹ ለገምጋሚ ተላከ።

ከስምንት ወር በኋላ ፍርዱ መጣ። እንዲህ ይላል፦ «የዚህ ጽሑፍ ባለቤት ማንም ይሁን፣ ሐሳቡ ከታላቁ ሊቅ ከመምህር ሐዋዝ ጥናት ጋር ይጋጫል። ሊቁ ሃያ ሁለት ክረምት የደከሙበትን ይህ ጀማሪ በአንድ ገጽ ሊያፈርሰው ይሻል። ከመጻፉ በፊት መምህር ሐዋዝን ያንብብ።»

ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው የኖረው ውዳሴ ይኸውና እጁ ገባ። «ታላቁ ሊቅ» ይላል፤ በቀይ ቀለም ሳይቀር ተሰምሮበታል። መምህር ሐዋዝ ሁለት ጊዜ አነበበውና አለቀሰ።

ክረምቱ ሲገባ ምርኩዙን ይዞ ደርምስ ወረደ፤ መልካው አጠገብ ጎጆ ቀልሶም ተቀመጠ። በስድስተኛው ቀን መንገደኛ በመጣ ቁጥር ዛሬ ገና ስድስት ነው፤ አንድ ቀን እደሩ ይላል። ብዙው ሰው ለሽበቱ ብሎ ያድራል። መጽሔቱን ያነበበው ግን በቀላሉ እሺ አይልም። አንድ የቅቤ ነጋዴማ ገጹን ከጉያው አውጥቶ አፍጥጦበታል።

«አንተ ሽማግሌ፣ ለመሆኑ መምህር ሐዋዝን አንብበሃል?»

«አንብቤዋለሁ።»

«እና?»

«ስሙን የሚወድ ደካማ ሰው ነው።»

ነጋዴው ተቆጣ። ሊቅ ሲሰደብ ዝም ብሎ አያልፍምና ሸክሙን አራግፎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ለሊቁ ክብር እየተሟገተ ዋለ። ሽማግሌው ሳይረታለት ቀኑ መሸ። በማግስቱ በደህና ተሻገረ።

በሦስተኛው ክረምት፣ በስድስተኛው ቀን፣ አለቃ እንግዳሸት ራሳቸው በተሸለመች በቅሎ መጡ። ከወንዙ ማዶ ድግስ ተደግሶ ይጠብቃቸዋል፤ መጽሔታቸው አርባ ዓመት አንድም እርማት ባለማውጣቱ የሚሸለሙት በዚያ ቀን ነው። በቅሎዋ ውሃውን አሽትታ ወደ ኋላ አለች። መምህር ሐዋዝ ከጎጆው ወጥቶ ልጓሟን ያዘ።

«መምህር፣ እርስዎ ነዎት? ውሃዋ እንዴት ናት?» አሉ አለቃ።

«ልሳነ ጥንቃቄ ምን ይላል?»

አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስድስት ይላል።»

«ዛሬ ስድስት ነው። መልካም መንገድ ይሁንልዎ፤ ይግቡ።»

ይህን ሲል ልጓሙን አልለቀቀም። ቢመቷት እንኳ በቅሎዋን አይለቅም ነበር። አለቃ ወንዟን አዩ። አንድ ግንድ ከነሥሩ እየተንከባለለ አለፈ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ቀን ቢቆዩ ምን ይመስለዋል ሲሉ ጠየቁት።

«እኔማ ይህንኑ ጽፌ ነበር፤ ከታወቀ ጥናት ጋር ይጋጫል ተብሎ ተመለሰልኝ።»

አለቃ ከበቅሏቸው ወረዱ። ድግሱ ያለ እሳቸው ተበላ። እሳቸውም ጎጆው ደጃፍ ተቀምጠው ሲውሉ የጨው ነጋዴውን ታሪክ ደግመው አስነገሩት፤ የጠጠሮቹም ነገር ተነሣ። በሰባተኛው ቀን በደህና ተሻገሩ።

በሚቀጥለው ዕትም፣ በነጩ ገጽ ላይ፣ በጣም ደቃቅ በሆነ ፊደል አንዲት መስመር ወጣች፦ «ስለ ደርምስ ወንዝ በተጻፈው ጥናት ፮ ያለው ፯ ተብሎ ይነበብ። ስህተቱ የመጽሔቱም የጸሐፊውም ነው።» አገሩ አልፈረሰም። ሁለት ደንበኞች ብቻ መጽሔቱ ረከሰ ብለው ተዉት። በወሩ ግን ከዘጠኝ ሊቃውንት ዘጠኝ ደብዳቤ ገባ፤ ሁሉም «እኔም አለብኝ» የሚል ነው። አንዱ ስህተቱን ይዞ ዐሥራ ስድስት ዓመት እንቅልፍ አጥቶ ነበር።

መጽሔቱን ይዞ ወደ ደርምስ የወረደው ይርዳው ነው። መምህር ሐዋዝ መስመሯን በጣቱ ዳሰሳት። ይርዳው አሁንማ ወደ ቤትዎ ይግቡ፣ ጎጆውን እናፍርሰው አለው። መምህር ሐዋዝ ግን ራሱን ነቀነቀ። እርማቱን ያነበበ አለ፤ ያላነበበ አለ። የድሮው ዕትም እየተቀዳ፣ እየተዋሰ፣ ማንም ወደማያውቀው አገር ሄዷል።

«ከእጄ ያመለጠ አንድ ስድስት አለ» አለ። «በየሰው ጉያ ይዞራል። ዞሮ ዞሮ መምጫው በዚህ መልካ ነውና ቆሜ እጠብቀዋለሁ።»

ወንዙን ወንዙን እያየ ቀረ። ልጁ እንደራቀበት አባት ማዶውን ሲያይ ያዩት ብዙ ናቸው።

አንዳንዶች የዚህ ታሪክ ትምህርት ወንዝን በሰባተኛው ቀን መሻገር ነው ይላሉ፤ እሱም አይከፋም። ነገሩን ያስተዋለ ግን እንዲህ ይላል፦ ነጭ ገጽ ንጹሕ መሆንን አያሳይም፤ ማንም እንዳልጠየቀ ያሳያል እንጂ። ስህተቱን በገዛ እጁ ያረመ ሰው አይዋረድም። የተሸፈነ ስህተት ግን በሌላ ሰው እግር ወንዝ ይገባል።

እርስዎስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከአፍዎ ወይም ከብዕርዎ ወጥቶ እስካሁን ያልመለሱት ስድስት ዛሬ በማን ኪስ ይሆን?