የሰናይት ጠርሙስ

አንዱ የራሱን ጥፋት በሌላው ላይ ሲያላክክ የቡሬ ሰው የሚወረውራት አባባል አለች። ባለቤቷ አቶ ቸኮል ናቸው ይላሉ። ውሸት! እሳቸው ከእኔ አፍ ሰምተው ነው የደገሟት። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት አባባል አይወጣትም ብለው ነው እንጂ፤ ሰባት ልጅ የወለድኩ ሴት አንድ አባባል ያቅተኛል?

ጎረቤቴ ሰናይት ለእህቷ ሠርግ አዋዜ ይሥሩልኝ ብላ ለመነችኝ። የእኔ አዋዜ በበርበሬው ብቻ አይደለም የሚታወቀው። ጠርሙሱን በአመድና በጠጠር አንቀጫቅጬ አጥበዋለሁ፣ ቀቅዬ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ዘቅዝቄ አደርቀዋለሁ፣ በካቲካላ አለቀልቀዋለሁ። በመጨረሻ አሸተዋለሁ። ምንም ካልሸተተኝ ብቻ እሞላዋለሁ።

ሠርጉ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር፤ ሰናይት ግን ቸኮለች።

"እማማ ዝማም፣ ስንት ሥራ እያለብኝ ሁለት ቀን ሙሉ ጠርሙስ ልጠብቅ? የራሴን አሥር ጠርሙስ አምጥቻለሁ፤ ታጥቧል።"

"በምን?"

"በውሃ ነዋ!"

"በውሃማ እግርም ይታጠባል። ደግሞ እርጥብ ነው፤ ተይ ልጄ።"

"የጤና ትምህርት የተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?"

የሠራሁትን አዋዜ አወጣሁ። ከአንድ ማሰሮ ቀዳን፤ እሷ ስምንት ጠርሙሷን ሞልታ ሁለቱ ባዶ ተርፈው እኔው ቤት ቀሩ፤ እኔ ደርቆ የቆየኝን አንዱን ሞላሁ።

የሠርጉ ዕለት ጥሬ ሥጋው ቀርቦ ጠርሙሷ ሲከፈት፣ አዋዜው አረፋ ደፍቆ ዘለለና የአቶ ቸኮልን ነጭ ጋቢ በርበሬ አለበሰው። ሽታውስ ቢባል! ሰናይት በሽማግሌዎቹ ፊት ጣቷን ቀሰረችብኝ።

"ያልተማረ እጅ የሠራው ነው! ንጽሕና የት ታውቅና!"

አንቱታውንም ረሳችው። አርባ ዓመት የጠበቅሁት ስሜ በአንድ ጠርሙስ ሊደፋ!

ቤቴ ሄጄ የእኔን አመጣሁ። "ከዚያው ማሰሮ፣ በዚያው ቀን የተቀዳ ነው" ብዬ ለአቶ ቸኮል ከፈትኩላቸው። አረፋ የለ፣ ሽታ የለ። ሥጋቸውን አጥቅሰው ቀመሱ፤ ደገሙ፤ ሠለሱ።

"ይበቃዎታል፤ አሁን ደግሞ ይኼን ያሽትቱልኝ" አልኩና ከሰናይት የተረፈውን ባዶ ጠርሙስ ሰጠኋቸው።

አቶ ቸኮል አፍንጫቸውን ያዙ። "ኧረ የኮመጠጠ ወተት!"

ሰናይት አቀርቅራ፣ "የልጄ ወተት ነበረበት... ግን አጥቤዋለሁ" አለች። ከዚያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ማታ ቤትዎ መጥቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ" አለችኝ።

"የለም! የሰደብሽኝ በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውንም እዚሁ በሰው ፊት አምጪ። ከእንግዲህ ደግሞ አዋዜ ከማማትሽ በፊት ጠርሙስሽን አሽቺ!"