ወንዙን ያመነ ገበሬ

«አንድ ገበሬ ነበረ፤» ብለው ጀመሩ እትዬ ዝናሽ፣ የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ።

ደብሪቱ የጠየቀቻቸው ግን ስለ ገበሬ አልነበረም። «ካጠባሁ አላረግዝም አይደል፣ እትዬ? የወር አበባዬም ገና አልመጣም። የእርግዝና መከላከያ መድኃኒት ልውሰድ ብል ደግሞ ወተትሽ ይነጥፋል አሉኝ። ልጄ ስድስት ወሩን ደፍኖ አጥሚት መቅመሱ ገና አሁን ነው፤ ጡቴ ቢደርቅ ምን ይውጠዋል?» ብላ ነበር። ልጇን እንዳዘለች ማዳመጥ ያዘች።

ገበሬው ወንዝ ዳር ባቄላ ዘራ። ማዶው የከብት መሰማሪያ ነው። ወንዙ ሞልቶ ሳለ አንዲት ላም አልተሻገረችም። ሰውየው «አጥሬ ወንዙ ነው» ይል ነበር፤ አልዋሸም፣ ሙሉ ወንዝ አጥር ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ሚስቱ፣ «ኧረ አንተ ሰው፣ እጠር!» አለችው።

«ምን አስቸኮለሽ? የወንዙ ድንጋይ ሲታይ አጥራለሁ። ደግሞ አጥር ውሃ ያደርቃል፤ የጎረቤታችንን ምንጭ አላየሽም?»

«እሱ ለአጥር የተከለው ባሕር ዛፍ ነዋ! ውሃ ጠጪው ባሕር ዛፉ ነው እንጂ፣ የእሾህ አጥር ምን አፍ አለው?»

ሳቀባት። ወንዙ ግን እየጎደለ ሄደ። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ድንጋዩ አልታየም እንጂ፣ ከላም ጉልበት በታች ወርዶ ነበር። ከብቶቹ ደግሞ ድንጋይ እስኪታይ አልጠበቁም። ሰውየው አንድ ማለዳ ቢወጣ፣ ባቄላው ፍሬ ሳይዝ፣ በአበባው ተግጦ አገኘው።

«ወይኔ ባቄላውን!» አለች ደብሪቱ ሳታስበው።

እትዬ ዝናሽ ዞረው አዩዋት።

«ባቄላውማ ይኸው ያዘልሽው ነው፣ የኔ ልጅ። ሌላ ቢረገዝበት ተጎጂው እሱ ነው። ወንዙ ጡትሽ ነው። ልጁ ስድስት ወር እስኪሆነው፣ ከጡት በቀር ምንም ሳይቀምስ፣ ቀንም ሌሊትም ሲጠባ፣ አበባሽም ሳይመጣ፣ ሙሉ ነበር፤ ጠብቆሻል። አጥሚት ከጀመረ ግን ጎደለ በይው። አንቺ አበባዬ ይምጣ ስትዪ ድንጋዩን እየጠበቅሽ ነው፤ እርግዝና ግን ከሱ ቀድሞ ሊሻገር ይችላል። ወተት ይቀንሳል ያሉሽም ከኪኒኖቹ አንዱን ዓይነት ነው፤ ባሕር ዛፉ እሱ ነው፣ ላንቺ አንሰጥም። በክንድ የሚቀበረው፣ መርፌው፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ግን የእሾህ አጥር ናቸው፤ ከወተትሽ ጠብታ አይጠጡም። አለማርገዝሽን እንይና የሚስማማሽን አንቺ ትመርጫለሽ። ብቻ፣ ልጄ፣ ውሃው ሲጎድል እያየሽ ድንጋዩ እስኪታይ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ እጠሪ።»